ብርድ ሸመታ

የኩዋላ ላምፑር ሙቀት አይጣል ነው! ባለ 88 ፎቆቹን የፔትሮናስ መንትያ ሕንፃዎች አንጋጥጬ ሳይ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር። በማግሥቱ አስጎብኚያችን "ብርድ ወዳለበት ልውሰዳችሁ" ብሎ አራት ሰዓት ያህል በአውቶቡስ አጉዞን ካሜሮን ሃይላንድስ አወጣን። ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በእጅጉ ዝቅ ይላል። ጉድ እኮ ነው! እኛ በነፃ የምንንቀጠቀጥበትን ብርድ የማሌዥያ ሰው ጃኬት ደርቦ፣ ገንዘብ ከፍሎ ይሞቀዋል።

ኮረብታውን የሸፈነው ሻይ የተበጠረ ጠጉር ይመስላል። በእንግሊዞች ዘመን የለፉበት ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚሎች ናቸው፤ ዛሬ ከሚለቅሙት ብዙዎቹ ደግሞ ከባንግላዴሽና ከኔፓል የመጡ እንጀራ ፈላጊዎች። ቦታው የሚጠራው ግን እ.ኤ.አ. በ1885 አካባቢውን በቀየሰው በዊልያም ካሜሮን ስም ነው። አንዴ የቀየሰው ሰው ስሙ ተራራው ላይ ቀረ፤ ዕድሜ ልኩን ጎንበስ ብሎ የለቀመውን ግን ስሙን የሚጠይቀው የለም።

ጎብኚው ለቃሚዎቹን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ይነሳል። እኔ ቤሩትና ሪያድ ያሉት ልጆቻችን ትዝ አሉኝ። እነሱ ባጸዱት ሳሎን ስንቱ ፎቶ ተነሥቶ ይሆን?