የመጽሐፉ ውሻና የደጃችን ውሻ

በደብረ ማርቆስ የክረምቱ ብርድ ሲጠና ውሾች በየአጥሩ ሥር ተጠቅልለው ያድራሉ። በልጆቻችን የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሃሪ ግን ከቤተሰቡ ጋር ቤት ውስጥ ይኖራል። ጂን ዛየን የጻፈው፣ ማርጋሬት ብሎይ ግሬሃም የሣለችው ይህ መጽሐፍ የወጣው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ሃሪ መታጠብ ጠልቶ ብሩሹን ይቀብራል፤ ቆሽሾ ሲመለስ ቤተሰቡ አላወቀውም፤ የታወቀው ሲታጠብ ነው።

ልጆቻችን «የኛስ ውሻ ለምን ቤት አይገባም?» ይሉናል። እኛም ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ በሐዲሥ መታዘዙን እንነግራቸዋለን። ከብትና ሰብል የሚጠብቅ ውሻ ግን የተፈቀደ ነው።

የሚያሳስበን «ነጃሳ ነው» እያሉ ድንጋይ ማንሳታቸው ነው። ነጃሳነት የጠሃራ ጉዳይ እንጂ የመውገሪያ ፈቃድ አይደለም። በጥም ለሚያለከልክ ውሻ ከጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው አላህ እንደማረው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። የዋሻው ወጣቶች ውሻም በሱረቱል ከህፍ ተወስቷል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! መጽሐፉን ከልጆቻችን እጅ አንንጠቅ፤ አብረን እናንብበው። የማያውቁትን ውሻ እንዳይነኩ እናስጠንቅቃቸው፤ እንዳይወግሩትም እንምከራቸው።