ቲቸር፣ ታክሲ ጀመርክ እንዴ?

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን የሚኒባስ ፎቶ አይታችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አብዛኞቻችሁ የፑኝዶ ተማሪዎቼ ናችሁ። «ቲቸር፣ ታክሲ ጀመርክ እንዴ?» ያላችሁኝ አላችሁ። «ከሜክሲኮ ሳርቤት ስንት ነው?» ብሎ የቀለደብኝም አለ (አውቄሃለሁ፣ ያኔም የኋላ ወንበር ላይ ነበርክ)። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ታክሲ አልጀመርኩም። መኪናዋን የገዛናት ለቤተሰብ ጉዞ ነው። ውስጧ አልጋ አለ።

ለማታውቁኝ፦ እኔ ደገኛ ነኝ። በ2000 ዓ.ም. ተመርቄ ስወጣ ዕጣዬ ጋምቤላ ክልል፣ ጎግ ወረዳ ሆነ። ፑኝዶ 8 ዓመት ፊዚክስ አስተማርኩ። የጎግ ልጅ አገባሁ። ሁለቱ ትልልቆች ልጆቻችን እዚያው ተወለዱ፤ በ2008 ወደ አዲስ አበባ ከመጣን በኋላ ደግሞ ትንሿ ተወለደች። አማቴ እስከ ዛሬ ከጊሎ ወንዝ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው የሚኖሩት። ባለቤቴ ሁለቴ ብቻዋን በአውሮፕላን ሄዳ ጠይቃቸዋለች። ለአምስት ሰው ትኬት መግዛት ግን አልቻልንም። አውቶቡሱ ደግሞ ሁለት ቀን ነው፤ ትንሿ ልጄ መኪና ያማታል። እንዲህ «ዘንድሮ፣ ለሚቀጥለው ዓመት» እያልን 9 ዓመት አለፈ። ትንሿ 5 ዓመት ሲሞላት አያቷን የምታውቃቸው በስልክ ነበር፤ እሱም ኔትወርክ ሲኖር።

ነገሩን የጀመረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር፣ አሁንም «ቲቸር» ነው የሚለኝ። የሚኖረው ብዙ አኙዋክ በሰፈረበት በሚኒሶታ ነው። ባለፈው ክረምት አሮጌ ሞተር ሆም ገዛና ቪዲዮ ላከልን። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ መጸዳጃ ያለው ቤት የሚያክል መኪና ነው። ልጆቹን ጭኖ ሐይቅ ዳር ይሄዳል፣ መብራትና ውሃ የሚሰካበት ቦታ ተከራይቶ ያድራል። ልጆቼ ቪዲዮውን ደጋግመው አዩትና ትልቋ ዞር ብላ «አባ፣ እኛስ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጀርመኖች ቮልስዋገን ኮምቢን ማምረት በጀመሩ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ዌስትፋሊያ የሚባል ድርጅት ውስጡ አልጋና ቁም ሳጥን እየገጠመ ይሸጠው ነበር። እነሱ ከኮምቢ ቤት ከሠሩ እኔ ከሚኒባስ ለምን አልሠራም አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ ልናገር። የ4 ዓመት ዕቁባችን፣ ባለቤቴ በሌላ ደብተር ያስቀመጠችው፣ በመጨረሻም ከሚኒሶታ የመጣ ማሟያ ነው። ወንድሟ ሲልክ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለኝ፦ «ቲቸር፣ ልጆቹን ለእናቴ አሳይልኝ።» ዋጋውን አልጽፍም፤ የሚስቅብኝም የሚያዝንልኝም ስለሚበዛ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን ውድ እንዳደረገው ታውቃላችሁ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ እዚህ አገር ያለ አሮጌ መኪና እያረጀ ይወደዳል እንጂ አይረክስም። «ኤሌክትሪክ ግዛ» ያላችሁኝ ወዳጆች፣ ምክራችሁን አከብራለሁ፤ ግን ከመቱ እስከ ፑኝዶ የት ቻርጅ ላደርጋት ነው?

የመጀመሪያውን ሙከራ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሌላው ሰው እንዲማርበት ነው። አንድ ደላላ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ ሚኒባስ አሳየኝ። ሞተሯ ሲነሳ ድምጿ ለስላሳ ነው። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» አለኝ። ቸኮልኩና 40,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ዕዳና እገዳዋን ያጣራሁት። ለባንክ መያዣ ሆና ተገኘች። ገንዘቤን ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ የተመለሰልኝ ግማሹ ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ «ሳትለካ አትመን» እያልኩ ስንቱን ተማሪ የገሠጽኩ ሰውዬ!

ባለቤቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ቡና አፍልታ ተቀመጠችና «ከእንግዲህ አብረን ነው የምናየው። ጥያቄው ደግሞ አንድ ነው፤ ይቺ መኪና የጎሬን ቁልቁለት ወርዳ መልሳ ትወጣለች ወይ?» አለች። የነገሩ ቁልፍ ይሄ ነበር። እኔ ስፈልግ የነበረው የሚኒሶታውን ቪዲዮ የምትመስል መኪና ነው። እሷ የምትፈልገው እናቷ ጋ የምታደርስ መኪና ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየነው በሙሉ በዚህ ጥያቄ ነው የተመዘነው። መንገዱን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱ አድርጎ ጋምቤላ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ። ስትወርድ ፍሬን ይፈተናል፣ በዚያ ሙቀት ስትመለስ ደግሞ ራዲያተር። ከጋምቤላ በአቦቦ በኩል ፑኝዶ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር በላይ አለ።

በመጨረሻ ያገኘናት ዶልፊን የምንላት ናፍጣ ሚኒባስ ናት። ኮድ 2፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ አንድ በሯ የተጋጨ። ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው። ያደረግነውን ልጻፍላችሁ፣ አሮጌ መኪና ለምታስቡ ይጠቅማችኋል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሄደን አስነሳናት፤ ሻጭ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ተጠራጠር። የዘይቱን ክዳን ከፍተን ጭስ ይገፋ እንደሆነ አየን። የራዲያተሩን ውሃ ውስጥ ዘይት ፈለግን። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳከርን። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አነበብን፤ 3517 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ጥርሱ ቢያምርም አርጅቷል። ከወለሉ ምንጣፍ ሥር ዝገት ፈለግን። መካኒኩን ራሳችን ይዘን ሄድን፤ የደላላው አይደለም። ዕዳና እገዳ ቀብድ ሳይከፈል በፊት። የሻጩ የጋብቻ ማስረጃ ከሊብሬው ጋር። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት። በቃ።

ለሚኒሶታው ደውዬ «እንዴት ላሰናዳት?» ስለው ሳቀና «ቲቸር፣ የእኔን አትቅዳ። የእኔ መኪና አስፋልት ካለቀ አለቀላት» አለኝ። ስለዚህ ቀላል አደረግነው። ከኋላ ያሉትን ወንበሮች አስፈትተን ከጣውላ አልጋ አሠራን። ቺፑድ አልወሰድንም፣ እርጥበት ያሳብጠዋል። አልጋው በብሎን የሚፈታ ነው፤ ለዓመታዊ ምርመራ ወንበሮቹ ይመለሳሉ። ስፖንጅ ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ አጎበር፣ ሦስት ጀሪካን ውሃ። ሲሊንደር ጋዝ መኪና ውስጥ አላስገባሁም፤ ከልጆች ጋር አያስፈልግም። ፍሬኑ ሙሉ ለሙሉ ታደሰ።

አንድ ችግር ቀረን። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ የጎግ መንገድ ጭቃ ነው። በእንግሊዞች ዘመን ከካርቱም የሚመጣው መርከብ በባሮ ወንዝ ጋምቤላ የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ነበር። የመኪና ሰው ተቃራኒ ነው፤ በጋን ይጠብቃል። ስለዚህ የቀረን የጥር መጨረሻዋ የሴሚስተር ዕረፍት ብቻ ናት። በጥር 2017 መጨረሻ ወጣን። ሕጋችን ሁለት ነበር፦ ጧት ጧት ሾፌሮችን ጠይቆ መንቀሳቀስ፣ ከመሸ አለመንዳት።

የመጀመሪያው ሌሊት ጅማ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ቆመን አምስታችንም መኪናዋ ውስጥ አደርን። ልጆቹ በደስታ አበዱ። እኔ እግሬን ሳልዘረጋ ነጋ። በሁለተኛው ቀን በደሌ ሳንደርስ የራዲያተሩ ቱቦ ፈነዳ። እዚያው መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች ውሃ በጀሪካን ተሸክመው መጡ፣ ቡና ተፈላ፣ አንዱ በሞተር ሳይክል ሄዶ ቱቦ ገዝቶ መጣ። ተሠርታ ሳታልቅ መሸ። መኪና ውስጥ እናድራለን ስል የቤቱ እናት መጋረጃውን ገልጠው አልጋውን አዩና በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው ልጆቹን እየጎተቱ አስገቧቸው። መቱም እንደዚያው ሆነ። የሆቴሉ ባለቤት «ሕፃናት መኪና ውስጥ አያድሩም» ብላ በመኪና ማቆሚያ ዋጋ ክፍል ሰጠችን።

ጎሬን አልፈን ከቡሬ ቁልቁል ስንወርድ በማርሽ ያዝኳት፣ ፍሬን ብዙ ሳልነካ። መስኮቱ ሲከፈት አየሩ እየሞቀ መጣ። ባለቤቴ ጫማዋን አወለቀች። ምንም አላለችም፤ ግን ፊቷ ሲቀየር አየሁ። አቦቦ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ፤ መንጃ ፈቃዴን አየና «ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። የ2005 ተማሪዬ ነው። ስምህን አልጽፍም፣ ሰላምታዬ ይድረስህ፣ የማንጎ ዕዳ አለብኝ።

አማቴ ግቢያቸውን ጠርገው፣ በጭቃ ለስነው ጠበቁን። ትንሿ ልጄ ከመኪና ወርዳ ቆመች። በስልክ የምታውቀው ድምፅ ነው፣ ፊቱን ግን አታውቀውም። እርሳቸው አልተቻኮሉም። መሬት ላይ ተቀመጡና ዝም ብለው ጠበቋት። በራሷ ጊዜ ሄዳ ጭናቸው ላይ ተቀመጠች። ይህን ለማየት 9 ዓመት ማዘግየታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማታ እኔ፣ ሞኙ፣ አልጋውን ማንጠፍ ጀመርኩ። እንዳናስቸግራቸው ብዬ ነው። አማቴ መጥተው ውስጡን አዩ። ፍራሹን ዳሰሱ፣ መጋረጃውን ነኩ። ለባለቤቴ በአኙዋክኛ ተናገሩ። ባለቤቴ ሳቋን እየያዘች ተረጎመችልኝ፦ «ቤት የሌለኝ መሰለው ወይ ነው የምትለው።»

የምለው ጠፋኝ። ይህን ሁሉ የለፋሁት ማንንም ሳናስቸግር እንድንጓዝ ነበር። የሚኒሶታው ሞተር ሆም የተሠራው ለዚህ ነው፤ ቤትህን ይዘህ ትዞራለህ፣ የማንም በር አታንኳኳም። እኔ ግን የሄድኩት በር ለማንኳኳት ነው። አጎበሩን ከመኪናው አውጥቼ ግቢው ውስጥ ሰቀልኩ፣ ሁላችንም እዚያ ተኛን።

በአምስተኛው ቀን አማቴ መኪናዋ አጠገብ ቆመው ብዙ አሰቡ። ወገባቸውን ስለሚያማቸው አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው መሄድ አይችሉም። ጋምቤላ ከተማ ያለችውን እህታቸውን ካዩ 6 ዓመት ሆኗቸዋል። «እዚህ ላይ ተኝቶ መሄድ ይቻላል?» አሉ። ትራስ ደራርበን አስተኛናቸው፤ ትልቋ ልጄ ከጎናቸው፣ ትንሿ ከእግራቸው ሥር። መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ቀስ ብዬ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየቆጠርኩ ነዳሁ። ባሮ ድልድይ ላይ «አስነሡኝ» አሉ፤ ቁጭ ብለው ወንዙን አዩ። እህትማማቾቹ ሲገናኙ ያለቀሱትን አልጽፍም፣ የእነሱ ነው። እህታቸው ጋ ሁለት ሌሊት ቆይተው መለስናቸው።

ስንደምረው ከቤት ውጭ 12 ሌሊት አደርን። መኪናዋ ውስጥ የተኛነው አንዱን ብቻ ነው። አልጋውን ከሁላችንም በላይ የተጠቀሙበት አማቴ ናቸው። ባለቤቴን «ከስረናል?» ብዬ ጠየቅኳት። «አንተ ሁሉን ነገር ትደምራለህ» አለችኝ።

«ትሸጣታለህ ወይ?» ላላችሁኝ፦ አልሸጣትም። ለሚቀጥለው ጥር ባሌስትራዋ መታየት አለበት፣ አንድ ትርፍ የራዲያተር ቱቦም እይዛለሁ። ትንሿ ልጄ በአኙዋክኛ እስከ አሥር መቁጠር ችላለች፤ አያቷ በስልክ ያርሟታል። አማቴ ስንለያይ አንድ ጆንያ የደረቀ ዓሣ ከአልጋው ሥር አስገብተውልን ነበር። ዓሣው አልቋል። ሽታው ግን እስከ ዛሬ ከመኪናዋ አልወጣም፤ ልጆቹ ገና በሩ ሲከፈት «ጎግ! ጎግ!» ይላሉ።

የፑኝዶ ልጆች፣ የት እንዳላችሁ ጻፉልኝ። መንገዳችን ላይ ከሆናችሁ በራችሁን እናንኳኳለን።