የትውልድ ጨዋታና የእኛ ቤት ሰዎች

አባት አልፎ ልጅ እንደሚተካ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አምስትና ስድስት ትውልድ ሲተካካ በዓይኑ ለማየት ግን የማንም ዕድሜ አይበቃም። እኔ ይህን ነገር በዚህ ዓመት በኮምፒዩተር ጨዋታ ስላየሁ፣ ያሰብሁትን በመጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ወደድሁ። መምህራንና ወላጆች ጨዋታ የሚለውን ቃል አይታችሁ ገጹን እንዳታልፉት እለምናለሁ።

ክሩሴደር ኪንግስ 3 የተባለው ጨዋታ በስዊድን አገር ተሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የወጣ ነው። ተጫዋቹ ለምሳሌ ከ1066 ተነሥቶ እስከ 1453 ድረስ አንድን የመሳፍንት ቤት ይመራል። የእኛም ደጋ አገር በካርታው ላይ ስለሚገኝ የጀመርሁት ከዚያ ነው። ንጉሡ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል፣ ይሞታል፤ በሞተም ጊዜ ተጫዋቹ ወራሹን ልጅ ሆኖ ይቀጥላል። ጨዋታው የሚያልቀው ከቤቱ ወራሽ የጠፋ እንደ ሆነ ነው። ዘመኑን ማፍጠንም ማቆምም በተጫዋቹ እጅ ነው። እኔ በሁለት ቅዳሜ ስድስት ነገሥታት ቀብሬአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ለአንዳቸውም አላዘንሁም። ምራት እንኳ የምትመረጠው እንደ ፈረስ ነው፤ ብልህነትና ጥንካሬ ለልጅ ስለሚወርድ ይህ እየታየ ይጋባሉ። ግዛቱ ለልጆች ሲከፋፈል ግን ወንድም በወንድሙ ላይ ይነሣል። ይህን እኛም ከታሪክ ትምህርታችን እናውቀዋለን፤ ነገሥታቶቻችን ወንድሞቻቸውን በአምባ ግሸን ያኖሩ የነበረው ይህንኑ ፈርተው ነው።

በጨዋታው የቤቱ ስም ከእያንዳንዱ ሰው ስም ጋር እንደ ማኅተም ይታተማል። የእኛ ሥርዓት ሌላ ነው። በተማሪነት መታወቂያዬ ላይ ሦስት ስም አለ፤ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ። ነገ ልጅ ወልጄ ለትምህርት ባስመዘግብ የልጁ፣ የእኔና የአባቴ ስም ይጻፋል፤ አያቴ ግን ከመዝገቡ ይወርዳሉ። (የሶማሌ ጓደኞቻችን የአባቶቻቸውን ስም እስከ ዐሥርና ከዚያም በላይ በቃላቸው ስለሚቆጥሩ፣ ይህ ነገር ብዙም አያሳስባቸውም።)

አያቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ በደረሰ ጊዜ ስለ ሆነ፣ በከተማችን በብዙ ቤት ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። አባቴም መፍቻ መያዝን የተማሩት ከአያቴ ነው። ነገር ግን የአሮጌው መስመር ሥራ ቀረ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በተመረቀበት በ2009 ዓ.ም. አባቴ ለሥራ ወደ ጂዳ ሄዱ። ያን ጊዜ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እኅቴ ገና በእናታችን ማኅፀን ነበረች። አባቴ የተመለሱት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ድራገን ኩዌስት 5 ይባላል፤ በጃፓን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 የወጣ ነው። ጀግናው በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ይጓዛል፤ አባቱ በፊቱ ይገደልበታል። አድጎ ያገባል፣ መንታ ይወልዳል፤ ከዚያም በጠላት አስማት ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። በአንድ ባለጸጋ ግቢ ሐውልት ሆኖ ይቆማል፤ ስምንት ዓመትም ያልፋል። ክረምትና በጋ ይፈራረቃሉ፤ የባለጸጋው ሕፃን በፊቱ ድክ ድክ ይላል፤ የእርሱ ልጆች ግን በሌላ ስፍራ ያለ እርሱ ያድጋሉ። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ ከማየት በቀር የሚሠራው ምንም ነገር የለም። ፈልገው አግኝተው ከድንጋይነት የሚያወጡት እነዚያው ልጆቹ ናቸው። አባቱ ዘመኑን ሁሉ ሲፈልገው የኖረው ጀግናም እርሱ ሳይሆን ልጁ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ጨዋታ ስለ ሥልጣን ውርስ ብዙ ያሳያል፤ ያለፈ ዓመት ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳየኝ ግን ይህ ነው፤ ስለዚህም እርሱን አስበልጣለሁ።

ሐውልቱ ቆሞ ዓመታት ሲያልፉ ባየሁ ጊዜ ስልኩን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። እኅቴ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ በደብተሯ ሽፋን ላይ የአባታችንን ስም ከስሟ አስከትላ ትጽፍ ነበር፤ ሰውየውን ግን የምታውቃቸው በስልክ ብቻ ነበር። በመጡ ዕለት ጠጋ ብላ ሰላም አለቻቸውና «ጋሼ» ብላ ጠራቻቸው። አባቴ ሳቁ፤ ማታ ግን እራት አልበሉም። አሁን «አባባ» ትላቸዋለች፤ እስኪለምድላት ጥቂት ወራት ፈጅቷል።

አያቴ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ከፋሲካ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የአባቶቻቸውን ስም ይነግሩናል። በመካከሉ ስለ ባቡር ስለሚያወሩ ሥራው አይፈጥንም፤ እስካሁን አምስተኛው ዘንድ ደርሰናል። ዝርዝሩን በደብተሯ የምትጽፈው እኅቴ ናት። ስድስተኛው ማን እንደ ነበረ ለማስታወስ አያቴ የሁለት ቀን ጊዜ ጠይቀዋታል።