ስለ ምርጫ ሥዕልና ስለ መንገደኛ

ከጎንደር በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ የሰው ሐሳብ ልዩ ልዩ ቢሆንም ወንበሩ የጋራ ነው፤ ከነጋዴው አጠገብ ገበሬው፥ ከሹሙ አጠገብ እናት ከነልጇ ይቀመጣሉ።

የምርጫ ምልክት መልካም ነገር ነው፤ ፊደል ላልቈጠረ መራጭ ዓይን ይሆነዋልና። በ1997 ዓ. ም. የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣት፥ በ2013 ዓ. ም. የብልጽግናን አምፖል ሕፃን እንኳ ለይቶ ያውቅ ነበር። ነገር ግን በአደባባይ የተለጠፈውን ያልወደደ ሰው ፊቱን መልሶ ያልፋል፤ በቈላ ሐሩር መካከል ያለ ተሳፋሪ ግን ወዴት ይወርዳል? ሹፌሩም ቢለጥፍ ከአንዱ ወገን፥ እንቢ ቢል ከሌላው ይቈጠራል።

በአሜሪካም የሼከር ሃይትስ ከተማ በሕዝብ መጓጓዣዋ ላይ የምርጫ ማስታወቂያ አልቀበልም ብትል፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1974 ዓ. ም. የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለከተማይቱ ፈርዶላታል።

ስለዚህ እኛ ከልጆቻችን ጋራ ስንጓዝ፥ «ሥዕሉን እዩ፤ ነገር ግን አጠገባችሁ ያለው ሰው ሌላውን ቢመርጥ ጎረቤታችሁ መሆኑ አይቀርም» እንላቸዋለን። የቤተ ሰብ አባትና እናት ሁሉ ይህን ቢያስተምሩ፥ በምርጫው ማግስት በአንድ መኪና ተሳፍሮ መመለስ አያስቸግርም።