አንድ መስመር ላይ የታጨቀ ጄሰን

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዷን ዛሬ እዚህ ላምጣት። ኮድ የማይጽፍ ሰውንም ስለምትነካ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትሠሩባቸው ሲስተሞች ቅንብራቸውን የሚያስቀምጡት ጄሰን በሚባል የጽሑፍ ፎርማት ነው። የዳታቤዙ አድራሻ፣ መልስ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ፣ ለደንበኛ የሚላከው ኤስኤምኤስ ምን እንደሚል፣ ሁሉም እዚያ ፋይል ውስጥ ነው። ይሄ ፋይል ታዲያ ብዙ ጊዜ በፕሮግራም ተጽፎ ስለሚወጣ ከአናቱ እስከ ጭራው አንድ መስመር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለኮምፒውተሩ ግድ አይሰጠውም፤ በቅንፎቹና በኮማዎቹ መሀል ያለ ባዶ ቦታ ለሱ ትርጉም የለውም። በኔትወርክ ለሚመላለስ ዳታማ መታጨቁ ይመረጣል፣ ይቀላላ። ኮንፊግ ግን የሚነበበው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ሲቆም ነው፣ ያውም ፋይሉን ባልጻፈው ሰው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እንዲህ ያለ ፋይል ይዞ መጣ። የሚሠራበት ቦታ ደንበኞች ክፍያቸው ሳያልፍ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት እየደረሳቸው ያማርራሉ። ልጆቹ ሁለት ሳምንት ኮዱን ሲበረብሩ ከረሙ፤ ኮዱ ምንም የለበትም። «ቲቸር፣ እስቲ ኮንፊጉንም ይዩልኝ» ብሎ ላከልኝ። (ፓስወርዶቹን አጥፍቶ ነው የላከው፤ ጎበዝ!)

ዘረጋነው። እያንዳንዱ ነገር በየመስመሩ ተቀመጠ። አማርኛው ግን አሁንም አይነበብም። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ፣ ዩ እና አራት አሃዝ ሆኗል። «ሰላም»ን ውሰዱ፦ ሰ 1230፣ ላ 120ቢ፣ ም 121ዲ። ሦስት ፊደል የነበረችው ቃል 18 ምልክት ሆና ቁጭ! ማን ያነበዋል? ዲቨሎፐሩ አያነበውም፤ መልእክቱን የምታውቀው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ደግሞ ብታየውም የሒሳብ ፈተና ነው የሚመስላት። ቁጥሩን ወደ ፊደል ስንመልሰው «ያልተሳካ» በሚለው ቁልፍ ሥር የተሳካው ክፍያ መልእክት ተገልብጦ ተለጥፏል። አለቀ። አማርኛ ማንበብ የሚችል ማንኛውም ሰው በአንድ እይታ የሚያገኘው ነገር ነበር።

ይሄ ከየት መጣ? ፓይተን ጄሰን ሲጽፍ ካልከለከላችሁት በቀር ከእንግሊዝኛ ውጪ ያለውን ፊደል ሁሉ ወደ ቁጥር ይቀይራል። ማጥፊያው «ኢንሹር አስኪ» የምትባለው ምርጫ ናት፤ «ፎልስ» በሏት። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው «ጄሰን ቱል» ፋይሉን ይዘረጋላችኋል፣ ግን እሱም አማርኛውን ቁጥር ያደርገዋል፤ ከ3.9 ጀምሮ «ኖ ኢንሹር አስኪ» ስትሉት ይተወዋል። አንዳንዱ «እንዲህ መሆኑ ለጥንቃቄ ነው» ይለኛል። ከ2017 ጀምሮ ያለው የጄሰን መስፈርት በሲስተሞች መካከል የሚሄድ ጄሰን ዩቲኤፍ 8 መሆን አለበት ይላል፤ የኛ ፊደል እዚያ ውስጥ በቁጥር ሳይተካ እንዳለ ይገባል። ቦታም አይቆጥብም፤ በዩቲኤፍ 8 «ሰላም» 9 ባይት ናት፣ በቁጥር ስትጻፍ 18።

አደራ የምላችሁ፦ ኮንፊግ ለመዘርጋት ብላችሁ ያገኛችሁት ድረገጽ ላይ ፔስት አታድርጉ። የዳታቤዝ ፓስወርድ አለበትኮ! ኤዲተራችሁ ራሱ ይዘረጋዋል፣ ቪኤስ ኮድ ላይ አንድ ትእዛዝ ናት።

ጊት የምትጠቀሙ ደግሞ መዘርጋቱን ለብቻው ኮሚት አድርጉት፣ እርማቱን ለብቻው። ሁለቱን ከቀላቀላችሁ አንድ መስመር የነበረው 400 መስመር ይሆንና የሚገመግመው ሰው የቱ እንደተቀየረ ሳያይ «እሺ» ብሎ ያልፈዋል። ቁልፎቹን በፊደል ተራ መደርደር የሚወዱም አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ የሚዛመዱትን ያራርቃል። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ግን ፈጽሞ አትንኩት፣ እዚያ ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው።

የቀረው የኮሜንት ጉዳይ ነው። ጄሰን ኮሜንት አይቀበልም። ፎርማቱን ያስተዋወቀው ዳግላስ ክሮክፎርድ ሰዎች ኮሜንት ውስጥ ለፕሮግራሙ የተለየ ትእዛዝ ሲደብቁ ስላየ ነው ያወጣው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ለኮንፊግ ግን ያናድዳል። «ታይምአውት 30» የሚል ሳይ ሰከንድ ይሁን ሚሊሰከንድ ማን ይንገረኝ? ስለዚህ መለኪያውን ስሙ ውስጥ አስገቡት፣ «ታይምአውት ሰከንድ» በሉት። ፕሮግራማችሁ ጄሰን 5 የሚያነብ ከሆነ ኮሜንቱንም የመጨረሻውን ትርፍ ኮማም ይቀበላችኋል። «ያምል ብንጠቀምስ?» የምትሉ አላችሁ፤ ኮሜንት አለው፣ ለዓይንም ደህና ነው፣ ግን በድሮው 1.1 እትም የኖርዌይን የአገር ኮድ ያለ ጥቅስ ምልክት ከጻፋችሁት «አይ» ማለት መስሎት «ፎልስ» ያደርገዋል። እናንተ ጋ የቱን ትጠቀማላችሁ?