የኮቶር ባሕረ ሰላጤና በሰው እጅ የተሠራችው ደሴት

በአድሪያቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሞንቴኔግሮ በምትባለው አገር፣ የኮቶር ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። ባሕሩ በረዣዥም ተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ውስጥ ስለ ዘለቀ፣ ለተመልካች በገደል የተከበበ ሐይቅ ይመስለዋል። ቬሪጌ በሚባለው ጠባብ ስፍራ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የኮቶር ከተማ ቅጥር ከባሕሩ ጫፍ ተነሥቶ ተራራውን ይወጣል፤ ርዝመቱም 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በውስጡ በ1166 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የተባረከው የቅዱስ ትሪፎን ካቴድራል ቆሟል። በ1195 የተሠራችው የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ግን ትንሽ ናት፤ ሆኖም ካቶሊኮችና ኦርቶዶክሶች በአንድ ጣራ ሥር፣ እያንዳንዳቸው በየመንበራቸው፣ ለረዥም ዘመን ቀድሰውባታል። ለእኛ ከግንቡ ሁሉ ይህ ይበልጣል። በ1979 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን ክፉኛ ጎዳት፤ በዚያው ዓመትም ዩኔስኮ አገሩን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው።

ከፔራስት ከተማ ፊት ለፊት ሁለት ትናንሽ ደሴቶች ይታያሉ። አንደኛዪቱ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደሴት፣ ተፈጥሮ የሠራት ስትሆን ገዳምና መካነ መቃብር አለባት። ሁለተኛዪቱን፣ የዓለቷን እመቤታችን የተባለችውን፣ የሠራት ሰው ነው። እንደሚተረከው፣ ጁላይ 22 ቀን 1452 ዓ.ም. ዓሣ አጥማጆች የእመቤታችንን ሥዕል ከባሕር ብቅ ባለ ዓለት ላይ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ድንጋይ እየጣለ፣ አሮጌ መርከብም በድንጋይ እየሞላ እያሰጠመ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚበቃ መሬት አወጣ። ዛሬም በየዓመቱ በዚያው ቀን ማታ ጀልባዎች ተቀጣጥለው ድንጋይ ይዘው ይሄዳሉ፤ ባሕር መሸርሸሩን አይተውምና።

የፔራስት ወንዶች መርከበኞች ስለ ነበሩ ቤቱን የሚጠብቁት ሴቶች ነበሩ። ከማዕበልና ከባሕር ወንበዴ ያመለጡት ስእለት አድርገው የሰጡት የብር ሰሌዳ፣ ቍጥሩ ከ2 ሺህ የሚበልጥ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሰልፏል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ያሲንታ ኩኒች የተባለች ሴት በወርቅና በብር ክር የጠለፈችው የእመቤታችን ሥዕል ይበልጥ ልብ ይነካል። ባሕር የሄደባትን ሰው ስትጠብቅ 25 ዓመት እንደ ደከመችበት ይነገራል። የመላእክቱን ራስ የሠራችው በገዛ ጠጕሯ ነው፤ አስቀድማ የጠለፈቻቸው የወጣትነቷን መልክ ይዘዋል፣ በኋላ የጠለፈቻቸውም ሽበት ናቸው።