የድቡና የሌማቱ ነገር

አባቴ ያረፈ ጊዜ እኔ በወልድያ በኪራይ ቤት የምኖር፣ ደመወዜ ወር የማያደርሰኝ ጀማሪ ጸሓፊ ነበርሁ። ከቀብር ተመልሼ ለቅሶ ስቀመጥ የቅሬው ሰዎች (በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው) ድንኳን ተከሉልኝ፤ ጎረቤቱም በየተራ እዝን አመጣ። ከነዚህ አንዲት ባልቴት፣ ማክሰኞ ገበያ ዕንቁላል ቸርችረው የሚያድሩ፣ በሌማት ሙሉ እንጀራ አምጥተውልኝ ነበር።

ድኽነታቸውን ስለማውቅ ደመወዝ በተቀበልሁ ማግስት ሌማቱን ጠራርጌ፣ 100 ብር አኑሬበት ወሰድሁላቸው። ባልቴቷ ብሩን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እሸጣለሁ እንጂ ለሐዘንተኛ አልሸጥም» ብለው ሌማቱን ከነብሩ መለሱልኝ። በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበርና ሌሊቱን በኀፍረት ስገላበጥ አደርሁ።

ጥፋቴ የገባኝ ከአይስላንድ የቆዩ አጫጭር ታሪኮች አንዱን ሳነብ ነው። አውዱን የሚባል ድኻ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አፍስሶ በግሪንላንድ ነጭ ድብ ይገዛል፤ ለዴንማርኩ ንጉሥ ለስቬን ሊያበረክት። መንገዱ ግን በኖርዌይ ነው፤ የዚያ ንጉሥ ሐራልድ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1066 ዓ.ም. የሞተው) የስቬን ጠላት ነበር። ሐራልድ ድቡን በተገዛበት ዋጋ፣ ቀጥሎም በእጥፍ ሊገዛው ጠየቀ። አውዱን እምቢ አለ። እንግዲህ አስቡት፤ ንጉሡ ድቡንም ነፍሱንም ሊወስድበት ይችል ነበር! ነገር ግን በሰላም አሳለፈው፤ ስትመለስ ስቬን ምን እንደ ሰጠህ ንገረኝ ብቻ አለው።

ስቬንም መርከብ ከነጭነቱ፣ ብርና የወርቅ ቀለበት ሰጠው፤ ቀለበቱን ትልቅ ውለታ ለዋለልህ ታላቅ ሰው ካልሆነ አትስጥ ሲል አዘዘው። አውዱን ተመልሶ ቀለበቱን ለማን ሰጠው? ለሐራልድ። ልትነጥቀኝ ስትችል ተውኸኝ፤ ውለታህ ይህ ነው ብሎ።

ድቡ ተሸጦ ቢሆን ሁለቱ ሰዎች በዚያው ሰዓት ተጨራርሰው፣ ዳግመኛም ባልተፈላለጉ ነበር። የኔም 100 ብር የተላከው ለዚሁ ሥራ ኖሯል፤ ባልቴቷን ከፍዬ ልገላገላቸው።

ሌማቱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ዝም አልሁ። ከዓመት በኋላ የባልቴቷ እኅት በመርሳ ዐረፉ። እንጀራ አስጋግሬ፣ ሌማቱን ራሴው ተሸክሜ ወደ ለቅሶው ሄድሁ፤ ወንድ ሌማት ተሸክሞ አይቶ በመንገድ የሳቀብኝም አልጠፋ። ባልቴቷ ጨርቁን ገለጡና በእንጀራው ሥር ብር እንዳለ በጣታቸው ፈተሹ።

«ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ።